የጎደለችው ሉል

ከመኪና ግርግር፣ ከሰፊዎቹ መሐል፣
ሦስት ደረጃ ሲወርዱ ጠባብ በር ይገኛል፤
እዚያ ነው ያደግሁት፣ ወናፍ እየነፋሁ፣
ለአው ጁነዲ እሳት ከሰል እየጨመርሁ።
የቀለጠ ብር ጠረን ቀሚሴ ላይ ያድራል፤
አባቴ፣ "ፖሊስ አንጥረኛ ወለደ" ይላል።

ከቆዳ ከረጢቱ ጠገራ ብር ሞልቷል፣
የአንገተ ደንዳና ሴት ፊት ታትሞበታል።
"ማናት?" አልሁት። (በሐረር ሽማግሌም አንተ ነው።)
"ንግሥት።"
"የማን?"
"የሩቅ አገር።"
"ሐረርን ታውቃት ነበር?"
መዶሻውን አቁሞ በመነጽሩ አናት አየኝ፤
"ሐረርስ እሷን የት ታውቃታለች?" አለኝ።

ሞታም ፊቷ አልሞተ፤ በጆንያ ታጭቃ፣
ከዘይላ በግመል በረሃውን ዘልቃ፣
በአምስቱ በር ገባች፤ ማንም አላስቆማት፣
"ማነሽ? ከየት ነሽ? ሃይማኖትሽስ?" ሳይላት።
የገዛ አሚራችን፣ ሰይፍና ችሎት ያለው፣
ያተመው መሐለቅ፣ ከግንቡ ማዶ ማን ሊቀበለው?
የሞተችውን ግን ገበሬው ጎንበስ ብሎ
ደረቷን ይመረምራል ጥፍሩን አሹሎ፦
ዘጠኝ ሉል ከሞላ፣ ቡናው ይጫናል፤
ስምንት ከሆነ፣ "እንካ ሴትዮህን" ይላል።

ጥያቄ ወረረኝ፣ እንደ ዝንብ ገራባ ላይ።
ዛጎል ያመነ አገር ነበረ፣ ወረቀት ያመነ፣
አሞሌ ልሶ ያመነ።
ሰው ምኑን ነው የሚያምነው? ብሩን? ፊቷን?
ወይስ ጎረቤቱ ነገ እንደሚያምን ማመኑን?
ንጉሥ ሲሞት አዋጁ አብሮት ይቀበራል፤
የእሷን ማን አቆመው?
በየትኛው ጦር፣
በየትኛው ጸሎት?

አው ጁነዲ አልመለሰልኝም። ምንጣፉን ገለጠና
አንዲት ጠገራ አወጣ፣ ጠርዟ ያልተበላ።
"የአያቴ ናት። ቁጠሪ።"
ቆጠርሁ።
ስምንት።
"ሐሰተኛ?"
በጥቁሩ ደንጊያ ፈተጋት፤ አሲድ ጠብ አደረገባት።
"ከሁሉም የጠራች ብር ናት።
በአንድ የረሃብ ዓመት አያቴ ይህችን ጨብጦ
ከበር በር ዞረ፣ አንዲት ቁና ማሽላ አጥቶ።
እጁ ላይ ብር ይዞ ነው ልጁን የቀበረ።"

"ታዲያ ለምን አታቀልጣትም?"

ወናፌ ቆመ። ከላይ የሰፊዎቹ መኪና ይጮሃል።
"ማቅለጡስ አንድ ትንፋሽ ነው" አለ።
"ከቀለጠች ግን፣ ይህን ስነግር ማን ያምነኛል?"