ይግዛው

በተወለድኩ ማግስት አባቴ ስም ሲያወጣ፣
"ይግዛው" ነበር ያለው፤
መሬቱን ይግዛው፣ ቀዬውን ይግዛው፣
እንዲያ ነው ያሰበው።
እኔ ባሕር ዳር ገብቼ፣ ደመወዝ ስቀበል፣
በየሱቁ ደጃፍ ስሜን ተረጎምኩት፤
ጃኬት አየሁ፣ ገዛሁት።
ነጭ ጫማ አየሁ፣ ገዛሁት።
ጆሮ ላይ የሚሰካ ገመድ አልባ ነገር፣
በአንድ ወገን ብቻ የሚሰማ ነበር፤
እሱንም ገዛሁት።

ሥራዬ ማንበብ ነው፣ የሰው ውሃ ቆጣሪ፤
ከሽምብጥ ግሽ አባይ፣ ቀኑን ሙሉ ዟሪ።
በር አንኳኩቼ፣ ውሻ አስይዤ፣
ክዳኑን ገልጬ፣ ቁጥሩን ይዤ፣
"እናቴ፣ በዝቷል የዚህ ወር ፍጆታ፣
የሆነ ቦታ ላይ ይኖራል ጠብታ"
ብዬ መክሬ አልፋለሁ።
የራሴን ግን መቼ አነበብኩ?
ደመወዝ በወጣ በአሥረኛው ቀን ማታ
ቴሌብር ከፈትኩ፤
አርባ ሦስት ብር ከሃያ ሳንቲም።
ዘግቼ ከፈትኩት፣ ስልኩ ቢሳሳት ብዬ።
ስልክ አይሳሳትም።

የቤት አከራዬ እትዬ ጥሩወርቅ
ቀኑ ማለፉን እያወቁ ዝም አሉ፤
ዝምታቸው ነው የከበደኝ ከሁሉ።
በግቢያቸው ሳልፍ ጫማዬ ይጮኻል፣
አዲስ ነው፣ ነጭ ነው፣ ሶሉ ሲጢጥ ይላል፣
"ኪራዩ እዚህ አለ" እያለ ያሳብቃል።

አንድ ጠዋት ደግሞ፣ ከዘንባባው መንገድ ገባ ካለ ግቢ፣
አንዲት ሴት ሞገተችኝ፤ "አሳስተህ ነው የጻፍከው!"
ቧንቧውን ሁሉ ዘጋን፣
የጓዳውን፣ የደጁን፣ የሽንት ቤቱን ሳይቀር፤
ጎንበስ ብለን አየን።
ከመስታወቱ ስር ትንሿ ቀይ መዘውር
ቀስ ብላ ትዞራለች።
ቀስ ብላ። ማንም ሳይከፍታት።
ሴትዮዋ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ፣
የኔ ዝምታ ግን ለሌላ ነገር ነው፦
ማኪያቶ በጠዋት፣ ማኪያቶ ከሰዓት፣
ለሁለት እርምጃ መንገድ የባጃጅ ኮንትራት፣
ሳልጠቀምበት የሚያልቅ የኢንተርኔት ጥቅል፣
"ለዛሬ ብቻ ነው" ሙሉሰው ሲያባብል፣
ዓሣ ጥብስና ቢራ፣ ጣና ዳር፣ በብድር፤
ሁሉም ተዘግቶ ነው እኔ ውስጥ የሚዞር።

ማታ ሐይቁ ዳር፣ የንባብ ቅጽ ገልብጬ፣
ጀርባው ላይ ጻፍኩኝ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፦
ኪራይ። ቀለብ። ለእናቴ። እቁብ፣ አምስት መቶ፣
ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ ወጥቶ።
የተረፈው ትንሽ ነው።
ከፊቴ፣ ውሃው ላይ፣ ነጭ ትልቅ አሞራ፣
ከመንቁሩ በታች ከረጢት ያንጠለጠለ፣
ዓሣ አጥማጅ የጣለውን አንድም ሳይመርጥ ዋጠ፤
ለመብረር ሞከረ፣ ከበደው፣ ተቀመጠ።
ሳቅኩበት።
ከዚያ ተውኩት፤ ዘመዴ ነው።

በአንድ ጀምበር ዳንኩ ብዬ አልዋሽም፤
በመስከረም የእጅ ሰዓት ገዛሁ፣
(ስልኬ ሰዓት እያለው)፣
ጻፍኩት። ከመግዛቱ ይልቅ መጻፉ አመመኝ።

አማርኛ ተንኮለኛ ነው፣ አንድ ቃል ለሁለት፤
ሸማ ገዢውንም፣ ሀገር ገዢውንም
በአንድ ስም ሲጠሩት።
ራስን መግዛት ግን የት ሱቅ ነው? ስንት ነው ዋጋው?
ዱቤ የለው፣ ቅናሽ የለው፣
በየጠዋቱ እንደ አዲስ የሚከፈለው።

ትናንት ባንታየሁ ከሱቁ ደጃፍ ላይ፣
"ይግዛው! ላንተ ብዬ ነው ያስቀመጥኳት፣ ና እይ!"
ቡናማ ቦት ጫማ፣ በወፍራም ክር የተሰፋች።
ያዝኳት። አሸተትኳት። ልኬ ነች።
"እየጠራኸኝ ነው ወይስ እያዘዝከኝ?" አልኩት፤
ሳቀ፤
እኔም እየሳቅኩ መልሼ ሰጠሁት።
አሮጌዋ ነጭ ጫማ ዛሬም ሲጢጥ ትላለች፣
በእትዬ ጥሩወርቅ ደጅ ሳልፍ ግን
ስለ ኪራይ ማውራት ትታለች።

ማታ ስተኛ፣ ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ፣
አንዳንዴ የምሰማት ይመስለኛል፤
ያቺ ቀይ መዘውር፣
ቀስ ብላ።