ጋን በጠጠር

ቁልፉን አንድ ላይ ሳደርሰው ያገሳል፣
ወደ ዜሮ ስመልሰው ይሞታል፤
በዜሮና በአንድ መሃል
ጣት የማታስገባ ቦታ ናት፤ እዚያ ማን ገብቶ ይዘፍናል?

አምፕሊፋየሬን በባጃጅ፣ እንደታመመ ዘመድ አቅፌ፣
በዓሣ ገበያው፣ በቀረሶው ቅርፊት መሃል አልፌ፣
ጋሽ ባዘዘው ሱቅ ወሰድኩት።
ሃያ ሁለት ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኤሌክትሪሻን የነበረ፣
ግራ ጆሮውን ለሽመና ማሽኖች ገብሮ፣ በቀኙ የቀረ።

«ምን ሆነ?»
«ሳልነካው ይጮሃል። ቅዳሜ ማታ የዝና ስትዘፍን
የምናየው ከንፈሯን ነው፤ ቃሏን ጊታሬ ሲከፍን።»
«ጋኑ በዝቶበታል።»
«ጌን ነው፣ ጋሼ።»
«ጋን ነው ያልኩህ።»

ሶኬቱን ነቀለ። እጁን ግን አልሰደደም። «ቆይ፣» አለ፣
«መብራቱ ሄደ ማለት ሞቱ ሄደ ማለት አይደለም፤ ውስጡ ያደረ አለ።»
ጠበቅን።
በመስኮቱ ሐይቁ ይታያል፤ አንዲት ታንኳ፣ አምባዛ የጫነች፣
በእምቦጩ መሃል መንገድ እየለመነች።

«ወንድሜ፣» አለ፣ «ጨረጨራ ላይ በር ከፋች ነበር፣ ነፍሱን ይማር።
ጣና ያው ጣና ነው። በሩን ሲለቁት ዓባይ ይደነፋል፣
ሲዘጉት ጢስ ዓባይ ላይ ድንጋዩ ራቁቱን ይቀራል፣
ቱሪስቱም ሹፌሩን ይሰድባል።
ጩኸት ከውሃው አይደለም፣ ልጄ።
ከበሩ ነው።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያዋን ቫልቭ፣ ከጊታሩ መግቢያ አጠገብ ያለችውን፣
እንደ ወተት ጥርስ ወዲያ ወዲህ እያለ ነቀላት፤ ዘጠኝ እግሯን
በመስኮቱ ብርሃን ቆጠረ።
«ይቺ የሰፈር ወሬኛ ናት፤ አንዱን መቶ ታደርጋለች፤
ዶሮ አነጠሰች ስትላት፣ በሬ ወለደ ትላለች።»

ከወተት ጣሳ፣ ከጋዜጣ ጥቅል ውስጥ ሌላ ቫልቭ ወጣች፤
እንጃ፣ ከየትኛው ሟች ራዲዮ ሆድ እንደመጣች፤
ቁመቷ ያው፣ እግሯ ያው፣ አናቷ ላይ የብር ጤዛ፤
«ይቺ ከሃያ አታልፍም፤ የነገሯትን አታበዛ።»
እግሯን በአረቄ ጠረገ፤ የተረፈችውን ቀመሰ፤
ቀዳዳዋን ፈልጎ ሰካት፣ ሶኬቱንም መለሰ።

መብራት ሄደ።

«ጋን በጠጠር ይደገፋል፣» አለ በጨለማው፣
«ጠጠሯን ነው የቀየርነው፤ ጋኑንማ ማን ነካው?»

መብራቱ ሲመለስ መሽቷል።
ቫልቯ ቀስ ብላ ቀላች፣ ክር የምታህል ፍም ሆነች።
ቁልፉን አንድ አልኩት፣ ሁለት፣ አራት፤
አሁንም ያወራል፣ አሁንም ሰው ነው።

ያኔ ሰማሁት።
አንቺሆዬን ከላይ ወደ ታች ስወርድ፣ ሦስተኛዋ ጣቴ የምትዘገየውን፣
አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ጩኸቱ የሸፈነልኝን፣
ያቺን እንደ ፀጉር የቀጠነች ውሸት።
ደግሜ ወረድኩ። ደግማ ዘገየች።
ጋሽ ባዘዘው ደህናውን ጆሮ አዙሮ ነበር፤ አውቄያለሁ መስማቱን፤
«ሦስት መቶ ብር፣» አለ ብቻ፣ እያጠበቀ ብሎኑን።

ቅዳሜ፣ የዝና ከመዝፈኗ በፊት የምትስበው ትንፋሽ ተሰማ።
አንዱ ከኋላ «ድምፅ ጨምሩ!» አለ፤ ሌላው «ዝም በል፣ እንስማ!»
እኔ ሦስተኛ ጣቴን እያየሁ ተጫወትኩ።

ወሬኛዋ ኪሴ ውስጥ ናት።
አልጣልኳትም። ሳንቲም ስፈልግ ትነካኛለች፣ ቀዝቃዛ።

ሌሊት በሐይቁ ዳር ወደ ቤት ስሄድ
ከደንገሉ ውስጥ ጉማሬ አንዴ አገሳ፣
ውሃው እስኪንቀጠቀጥ።
እሱን ማን ቀንስ ይበለው።