ዘጠኝ ካሬ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትከሻ ለካሁ፣
ደረትና ወገብ፣ ክንድና ቁመት፤
ጣት የምታህል ያሳጠርሁ ዕለት
ፈትቼ ደገምሁ፣ ወይ ጨርቁን ከፈልሁ።

በመርፌ ቀዳዳ አሾልኬ ያጠራቀምሁትን ብር
ይዤ ተሻገርሁ ዉትርንን፣ አዲስ ቤት ወዳለው ሰፈር።
ይርሳው ነው የሻጩ ስሙ።
ፕላኑን ዘረጋ፤ ገና ይሸታል ቀለሙ።
"መቶ ሃያ ካሬ ናት" አለኝ፣ "እንደ ልብ የምታዘልል"፤
ባንቻየሁ የቁም ሣጥኗን ቦታ
በእርሳስ አሠመረች፣ ዐይኗ ሳይነቀል።

ሚያዝያ ላይ ገባን።
የዋንዛ ነው ቁም ሣጥኑ፣ ባለ ሦስት በር፣ አራት ሰው የሚያነሣው፤
ግድግዳው ጋ ሲደርስ ቆመ። ስንዝር ከጋት አጣው።
"እንጨቱ አብጦ ይሆናል" አለ አንደኛው ተሸካሚ።
"ቤቱ ነው የከሳ" አለች ባንቻየሁ።

ከአንገቴ አወረድሁ ሜትሬን፣
ያን ቢጫ፣ ጫፉ የተላጠ፤
ተንበርክኬ ለካሁ ቤቴን
እንደ ሙሽራ ወገብ፣ ትንፋሼ እየተቆረጠ፤
እኔ ስጠራ እሷ ስትጽፍ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ እስኪመሽ፤
መቶ ዐሥራ አንድ።
መቶ ዐሥራ አንድ።
ግንቡን ብገፋው አይሸሽ።

ዘጠኝ ካሬ ምን ያህል ነው?
የስፌት መኪናዬ ማረፊያ፣ የእንግዳ አልጋ ነው።
ስንት ሱሪ፣ ስንት እጀ ጠባብ እንደሆነ
ቆጥሬው አደርሁ፣ ዐይኔ እንዳልተከደነ።

ይርሳው ሻይ አዘዘልኝ።
"ግንቡም እኮ ይቆጠራል" አለኝ፣
"የግድግዳው ውፍረት፣ በረንዳው፣ የደረጃው ሥር፤
ሕንፃ በውጭ ነው የሚለካ፤ አንተ በውስጥ ገባህ፣ ምን ይሁን ነገር?"
"ግንብ ውስጥ" አልሁት "የሚተኛ አይጥ ነው፤
እኔ የከፈልሁት ለሰው ነው።"
ሻዩን ሳልጠጣው ወጣሁ።

ሦስት ሽማግሌ ተቀመጡ፤ "እርሳው" አሉኝ ባንድ ቃል፤
"ዘጠኝ ካሬ ከወዳጅነት ይበልጣል?
ኋላ ለሁላችን የምትደርሰን ሦስት ክንድ ናት።"
"እንግዲያው" አልሁ "እሷን እንኳ ሙሉ ስጡኝ፣ ሳትቀንሷት።"
እርሳው ይሉኛል እኔን፤ ይርሳው ይሉታል እሱን፤
ሰሙን ለኔ አካፈሉኝ፣ እሱ ያዘ ወርቁን።

ፍርድ ቤት ውሉ ተነበበ።
ጠበቃው ከቁጥሩ ኋላ አንዲት ቃል አገኘ፣ "ገደማ" የምትል።
ዳኛዋን ጉንፋን ይዟታል፤ መሐረቧን አጠፈችና
"'ገደማ' ስንት ክፍል ትውጣለች?" ብትል
ወረቀት አገላበጠ።
ወደ እኔ ዞረች፤ "ቤቱን መልሰህ ብርህን፣
ወይስ ቤቱን ይዘህ የጎደለውን ዋጋ?"
ባንቻየሁን አየኋት፤
የተከለችው ኮሰረት ሥር ይዟል ደጁ ጋ።
"የጎደለውን" አልሁ፤
"ቤቱን ለምጄዋለሁ፤ ውሸቱን ነው ያልለመድሁ።"
ባለሙያ ለክቶ ያቅርብ ተባለ፤ ቀጠሮ፣ ጥቅምት ሃያ ሁለት።
ክረምቱ ይለፍ እንግዲህ።

ትናንት ምሽት፣ የጮቄ ብርድ በሩን ሲገፋ፣
የይርሳው ልጅ ሱቄ ገባ፤
የመስከረም ሙሽራ ነው፣ ሙሉ ልብስ ሊያሰፋ።
እጁን ዘርግቶ ቆመልኝ።
ከደረቱ ዘጠኝ ሴንቲ ብሰርቅ፣
ሠርጉ ለት ቁልፉ ቢፈናጠር፣ ጀርባው ቢሰነጠቅ፣
"ስፌቱም እኮ ይቆጠራል" ብል፣ ማን ይመልስልኛል?

ለካሁት። ጻፍሁ። ደግሜ ለካሁት።
"ትንሽ ሰፋ ይበል" አልሁት፤
"ሰው ውስጡ መተንፈስ አለበት።"

ቁም ሣጥኑ ዛሬም በረንዳ ላይ ነው፣ በተቆጠረው በረንዳ፤
ላስቲክ ተከናንቦ፣ ዝናቡን ያዳምጣል እንደ እንግዳ።