ቆልፍ የሚል ቁልፍ

የጎረቤት ልጅ ነው፣ ሙዘይን፣ ያሳየኝ፤
"ይቺን ብቻ ንኪ" ብሎ የመከረኝ።
"የትም ይሁን የትም፣ የፈለገ ይያዘው፣
ድንጋይ ይሆንበታል፤ ከእንግዲህ አያዝዘው።"

ተማምን ከቀበርነው ስምንት ቀን አለፈው።
ስልኩን በዚያ ሌሊት ማን እንዳነሳው
እንጃ፤ ከሆስፒታሉ ወንበር ላይ ነበር፤
ሰው እየሄደብን ማን አስቦ ስለ ስልክ ነገር!

የይለፍ ቃሉን አውቃለሁ፤ የባጃጁ ታርጋ።
ሌላ ቁጥር አይዝም ነበር፤ ዕድሜውን እንኳ ለነርሷ
የነገርኳት እኔ ነኝ፣ ሲገፉት ያን አልጋ።

ካርታው ተጎትቶ መጣ፤ ኔትወርኩ ሲንገዳገድ፣
በመጀመሪያ አዌቱ፣ እንደ ክር፣ ከዚያ መንገድ በመንገድ፣
ከዚያ አንዲት ነጥብ፣
አረንጓዴ፣
ሂርማታ፣ ሐሙስ ገበያ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ፣
በበርጩማ ሻጮች አልፋ፣ በሰልባጅ ተራ ዞራ፣
ባደስኩት ቁጥር ፈቀቅ፤
ሰው ይዟታል፤ እግር አላት፤ ጉዳይ አላት፤ ሥራ።

"ቆልፊው!" አለች እናቴ፣ "ምን ትጠብቂያለሽ?
በልጄ ስልክ ማንም አይስቅ። ሰማሽ?"
ጣቴን ላኩት፣ ቆልፍ ወደሚለው ቁልፍ፤
ዝናቡ ቆርቆሮውን በአለንጋ ሲገርፍ።
ያኔ ነው ያየሁት፣ ነጥቧ ስታልፍ
ከፈረንጅ አራዳ ቁልቁል፣ በአጂፕ በኩል፣
ሄዳ መናኸሪያው በር፣ ከዋርካው ሥር ቁጭ ስትል።

እዚያ ነበር ተማም ባጃጁን አቁሞ፣
"ቆጪ! አንድ ሰው! ቆጪ!" የሚል፣
ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ፣ አስፋልቱ ላይ ቆሞ።
ለአፍታ፣ ለአፍታ ብቻ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣
ተነስቶ ሥራ የገባ፣ ሰው የሚጭን መሰለኝ።

"ለያዘው ሰው መልእክት" ይላል፣ አንድ ባዶ ሣጥን።
"ሌባ" ብዬ ጻፍኩ፤ አጠፋሁ።
"ወንድሜ" ብዬ ጻፍኩ፤ አጠፋሁ።
"ፎቶዎቹን ብቻ..." አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ቃል አጣሁ።

ሙዘይን ደግሞ ይሄን ሳይነግረኝ ቆይቶ፣
ጫማውን እያሰረ፣ ሊወጣ ተነስቶ፣
"ከተቆለፈ ወዲያ" አለ፣ "መቼም ይፈቱታል፣
ስክሪኑ ለብቻ፣ ባትሪው ለብቻ፤
ነጥቧም የለች ያኔ፤ ካርታው ካርታ ብቻ።"

ካርታ ብቻ።

እናቴ ተኝታለች። "ቆለፍኩት" ብያታለሁ።
ብርድ ልብሱን ተሸፋፍኜ፣ የስልኬን ብርሃን ደብቄ፣
እንደ ኮረዳ፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቴ፣ ነጥብ አያለሁ።
ቆጪ ገብታለች፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፤
አንድ ግቢ ውስጥ ነች፤ ከአንድ ሰዓት ጀምራ ንቅንቅ አላለችም፤
እራት በልቶ ይሆን? ልጅ ይኖረው ይሆን፣ ያ ሌባ?

ባትሪ፣ ይላል ከሥሯ፣ አራት በመቶ።
መጋረጃውን ገለጥኩ፤ ከአዌቱ ማዶ መብራት ጠፍቶ፣
ቆጪ ከነጣሪያዋ ሰጥማለች፤ አንድ አምፖል አይታይም።
እኛ ጋ አለ። እነሱ ጋ የለም።

አንተ፣ የማላውቅህ፣ ማን ይሆን ስምህ፣
ስረግምህ የዋልኩ ነኝ፤ አሁን ልለምንህ፤
ጄኔሬተር ያለው ሱቅ አይጠፋም፤ ተነስ፤ በር አንኳኳ፤
ዝናብ ቢመታህም፣ ውሻ ቢጮህብህም፣ እንዳትተኛ፣
ቻርጅ አድርገው።
አደራህን፣ ወንድሜ።

ሦስት በመቶ።