ሁለቱ የኋላ ጎማዎች

መስከረም በጠባ በሦስተኛው ቀን፣ አዘዞ ጋራዤ፣
ካንድ አይሱዙ ሥር ተጋድሜ ሳለሁ ባለ አሥራ ሰባት ቁልፍ ይዤ፣
አንዲት ነጭ ሚኒባስ በገመድ ተጎትታ፣
እስከ መስታወቷ በዋልካ ተለስና፣ ተቀብታ፣
ገባች ወደ ግቢው፣ እንደ ታማሚ ሰው በቀስታ።

ውስጧ ወንበር የለም። ታጣፊ አልጋ አለ፣ ቡታጋዝ፣ መደርደሪያ፣
የሻሽ መጋረጃ፣ በሚስማር የተመታ የካርታ መስቀያ።
ማረው ያውራ ጎዳና ሹፌር፣ ጡረታ የወጣ፤
ጥሩአየሁ የጂኦግራፊ መምህር፣ ጥያቄዋ እንደ ፈተና የሚመጣ።
«ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጠመኔ የሣልኩትን አገር
በእግሬ ሳልረግጠው ልቀር?»
ብላ፣ ዕቁብ ሲደርሳት፣ ሳሎን ማደሱን ትታ
ይህችን አሠራች፤ መኝታዋን ጎማ ላይ ዘርግታ።

«ጎርጎራ ልናድር» አለች፣ «ጣና ዳር ስንወርድ
ቆላ ድባን አልፈን ጭቃው ዋጠን እመንገድ፤
አንዱ ጎማ ብቻ ይሾራል እንደ እንዝርት፤
ሌላው ቆሞ ያያል፣ እጁን አጣምሮ፣ እንደ ባለርስት።»

ከሥሯ ገብቼ የብረት ዱባዋን በመዶሻ እጀታ ነካሁ፤
«ጥፋቱ የጎማው አይደለም፣ የዚች ናት» አልኩ፣ ካንገቴ ጭቃ እያከክሁ።
ዲፈረንሻል ማለት የጉልበት አካፋይ፣
ለግራና ለቀኝ ቆራሽ፣ እንደ ሸማጋይ።
መንገድ ሲታጠፍ የውጩ ጎማ ብዙ ይሄዳል፤
የውስጡ ይዘገያል፤ «እንደየአቅማችሁ» ትላለች፣ ይታለፋል።
ደረቅ ላይ ደግ ዳኛ ናት።
ጭቃ ሲመጣ ግን ፍርዷ ይዛባል፦
ለሚያዳልጠው፣ ለሚቀለው፣ ምንም ለማይገፋው
ያላትን ሁሉ ታፈሳለች፤
መሬት ቆንጥጦ ለያዘው ባዶ እጇን ታሳያለች።
እንዲህ ያለ ዳኛ ፊት ቆሜ አውቃለሁ፤
የመኪና ነገር ይሻለኛል፣ እመለሳለሁ።

«መቆለፊያ አለ። ዱባዋ ውስጥ ይገባል።
ማብሪያዋን ሲነኳት ሁለቱን አንድ ያደርጋል።»
ማረው ኮስተር አለ፦ «ሊማሊሞን የወጣሁት በእጄ ነው፣
በማብሪያ አይደለም። ይኼ መንዳት ለማያውቅ ነው።»
ጥሩአየሁ ዋጋ ጠየቀች። ነገርኳት። ዝም አለች።
ከዚያ የአዲሱን ፍራሽ ሂሳብ ካጀንዳዋ ሰረዘች።

ዕቃው ከዱባይ በሰው ሻንጣ መጣ፣ በካልሲዎች መሀል።
ዘይቷን አፈሰስን፤ ጥቁር ነው፣ ብረት ብረት ይላል።
ሴሚያሶቹን ሳብን፣ ኮሮናውን ፈታን፤
ረዳቴ ፈንቴ ቡሎን እየቆጠረ በቲማቲም ጣሳ ከተተልን።
መብራት ጠፋ። በስልክ ብርሃን ቀጠልን።

ጥርስ ከጥርስ ሲገጥም በፀጉር ልክ መራቅ አለበት፦
ቢጠብቅ ይጮኻል፣ ቢላላ ይሰበራል፤ የሚታወቀው በቀለም ምልክት።
ቀለሙ አልቋል።
ጥሩአየሁ ቦርሳዋን ከፍታ የከንፈሯን ቀይ ሰጠችኝ፤
«ለሠርግ ነበር የምቀባው፤ ሠርግም ቀርቷል» አለችኝ።
ቀባሁ። አዞርኩ። ጥርሱ ላይ፣ መሀል ለመሀል፣ ቀይ ከንፈር ተሣለ፤
«ልክ ነው» ስል ማረው ጎንበስ ብሎ አየ፣ ሳያስበው ፈገግ አለ።

ለሙከራ ወደ ደምቢያ ወርደን፣ በጤፍ ማሳ ጠርዝ፣ እዋልካው ጨመርናት።
ሾረች። ሰመጠች። ማረው ካምቢዮ ቀያየረ፣ መሪ መታ፣ ለመናት፣ ሰደባት።
ጥሩአየሁ ሰዓቷን አየች፤
ከዚያ ባንድ ጣት ቀይዋን ማብሪያ ነካች።
ጥሽ አለ አየሩ ካልጋው ሥር። ቀጥሎ አንድ የብረት ጓ።
ባለርስቱ እጁን ፈታ።
ሁለቱ ጭቃውን ባንድነት ነክሰው
እንደ ጥማድ በሬ ጎትተው አወጧት፣ ከነአልጋዋ፣ ከነድስቷ።

«ደረቅ ላይ አጥፊው» አልኳት፣ «ተቆልፎ መታጠፍ ሴሚያስ ይቆርጣል።»
«ይኼንንስ ባሌን ጠይቀው» አለች። ማረው መስኮቱን ዝቅ አደረገ፤ ሳል ይዞት ይመስላል።

ኅዳር ላይ ደወሉ። ከደባርቅ ማዶ ናቸው፤ ብርድ ነው፤ ፍራሹ ይቆረቁራል።
ማብሪያዋስ? አልነካናትም፣ መንገዱ ደርቋል።
እኔ ግን የሌላ ሰው ጎማ እየፈታሁ
ያን ቀለም አስባለሁ።
ሳልጠርገው ዘጋሁት።
ማንም በማያየው ጨለማ፣ ጥርስ ላይ፣ የሠርግ ቀይ ይዞራል፤
ወይ ደግሞ
እስካሁን ዘይቱ አጥቦት ይሆናል።