ሦስት ሺህ ፍቅታ

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ ኮንዶሚኒየሙ ካለቀበት፣
የሲሚንቶ መኪናው ዞሮ ከሚመለስበት፣
ከቆርቆሮ ዳስ ሥር ተዘርግቷል ሥራችን፦
ሚዛን፣ ደብተር፣ ሰዓት፣
የተወጠረ የፍየል ቆዳ፣
ግማሽ ጆንያ ባልጩት፣ የጠቆረ መስታወት።

ጥያቄው ቀላል ነው። ከአፈር የወጣው ስለት፣
ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ምን ነበር የሠራበት?
ሥጋ ዘልዝሎበታል? እንጨት ልጦበታል?
ወይስ ቆዳ ፍቆ ብርዱን ረትቶበታል?
ድንጋይ ምላስ የለው፤ ያለው አፍ ብቻ ነው፣
አፉም የተሸረፈ።
እንግዲህ እንደ እሱ ሠርተን፣ እንደ እሱ አዶልዱመን፣
የኛን ጭረት ከእሱ ጭረት ጋር
በአጉሊ መነጽር ልናፋጥጥ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የተቆረጠው
የኔ አውራ ጣት ነበር።
ሰንጠረዡ ላይ አላሰፈርኩትም።

በሁለተኛው ቀን ጋሽ ኤርጋኖ መጣ፣ ከአቃቂ ተሳፍሮ፤
የቆዳ ፋብሪካ በር ሲጠብቅ ያረጀ፣
ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር ባልጩት እየሰበረ ያበጀ፣
«ፋቂ» ተብሎ፣ የሰው ዋንጫ ተነፍጎ፣
ውሃ ከላይ ሲፈስለት በእፍኙ የጠጣ።

ምርጥ ያልኳቸውን ሦስቱን አገላብጦ ጣላቸው፤
«እነዚህ» አለኝ፣ «ለፎቶ ናቸው።»
አራተኛውን ከእንጨት እጀታ በሙጫ አጣበቀ፣
ጎንበስ አለና ቀጠለ፣ ትናንት እንዳቋረጠው ሁሉ፦
ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ…

እኔ እቆጥራለሁ። መቶ። መቶ ሃምሳ። ሁለት መቶ አሥር።
ቆመ።
«ገና ነው፤ ስለቱ የሚታደሰው አምስት መቶ ሲሞላ ነው።»
«የት ተጽፎ?»
«መመሪያው ላይ።»
«መመሪያው ጆሮ የለውም። ድምፁ ሲሻክር አልሰማሽም?»
ጠርዙን በጠጠር ነካ፣ ነካ አደረገው፤
የዓሣ ቅርፊት የሚያክሉ ሁለት ስባሪዎች እግሩ ሥር ወደቁ።
ለቅሜ በፕላስቲክ ከረጢት ከነቀናቸው አሸግኋቸው።

አመሻሽ ላይ፣ ሦስት ሺህ ሲሞላ፣ ቅጹን አወጣሁ።
ስም፦ ኤርጋኖ ሎምቤ። ሙያ፦
እጄ ቀድሞኝ ጻፈ።
ደነገጥኩ። ላጲስ ፈለግሁ።
አነበበው። ቃሉን በሻካራ ጣቱ ሸፈነው።
«አትፋቂው» አለ።
«መፋቅ የኔ ሥራ ነው።»

በማግስቱ መነጽሩ ሥር ሁለቱ ጠርዞች ጎን ለጎን ተኙ፦
ያው ልስላሴ፣ ያው ወዝ፣
የጥንቱ ጭረት ግን ወደ ሌላ ወገን ያዘነብላል።
እኔ ማዕዘን ልለካ ስሰናዳ
ጋሽ ኤርጋኖ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ አየ።
«ግራኝ ነው» አለ፣ የሚያውቀውን ሰው መንገድ ላይ እንዳገኘ፤
«ደግሞ ቸኩሏል። ዝናብ መጥቶበት ነበር።»

ለዝናብ የሚሆን ዓምድ የለኝም በሰንጠረዤ።
ግን ቆርቆሮው ላይ ጠብ፣ ጠብ ሲል
ሁለታችንም ተነሣን፣
ቆዳውን ልናስገባ።