መሰላል ላይ ሆኜ

ሥራዬ መስቀል ነው፤ ሸራ እሰቅላለሁ፣
ባንክ ሲሉኝ ባንክ፣ ቢራ ሲሉኝ ቢራ፣ ምን ገዶኝ እላለሁ።
ከመናኸሪያው ፊት፣ የቆመው ብረት ላይ፣
ስንት ሳቅ ወጠርኩኝ፣ ስንት ጥርስ በሰማይ።
ደብረ ማርቆስ ሙሉ «አንሙት መሰላሉ» ይሉኛል፣
ክፍያዬ በካሬ ነው፤ ንፋስ ከበረታ ጭማሪ አለኝ ብያቸዋለሁ፣ ያውቁኛል።

ባለፈው መጋቢት፣ ከአዲስ አበባ፣
በጭነት መኪና አንድ ጥቅል ገባ።
የፊት ቅባት ነው አሉኝ። ስሙን አላየሁም፤
ስሙ ከታች ነው የሚጻፍ፣ ገና አልፈታሁም።
ከላይ ነው የሚፈታ። መጀመሪያ ግንባር፣
ቀጥሎ ቅንድብ፣ ቀጥሎ ዓይን ነበር።

ያን ዓይን አውቀዋለሁ።
ሲያተኩሰኝ ሌሊት የነጋበትን ዓይን፣
ስዋሽ፣ ሳልጨርሰው የሚደርስበትን ዓይን።

እናቴ ናት። አንጓች፣ ቅቤ ነጋዴዋ፣
ቅዳሜ ገበያ ከግራሩ ሥር ነው ቦታዋ።
ካቻምና ነው፤ ካሜራ ያንጠለጠሉ ልጆች
«ሳቂ እስቲ እማማ» ሲሏት ሳቀች አንጓች።
ሁለት መቶ ብር ሰጧት፤ ጨው ገዛችበት፣
ረሳችው፤ ረሳነው፤ አለፈ ዓመት።

ገመዱን ለቀቅኩት። ከንፈር ወረደልኝ፣
ጥርስ ወረደልኝ፣ ድድ ወረደልኝ፤
ድዱ ቀይ!
የሕፃን ድድ፣ የሐብሐብ ሆድ።
የእናቴስ ጥቁር ነው፣ በታሰረ መርፌ በጥላሸት የተወጋ፣
ጥርሴ ይንጣ ብላ ያቃሰተችበት እስኪነጋ።

ከዚያ አንገት ወረደ።
ባዶ አንገት።
እንደ ታጠበ ሰሃን፣
ማንም ያልጻፈበት።

ድሪ መግዣ ቢያጣ ጊዜ አባቷ
ነቃሽ ጠራ፤ በአንድ ቁና ጤፍ ተጠለፈ አንገቷ።
«ሌባ የማይነካው ድሪ» ትል ነበር ስትኩራራ፤
ለካስ ሌባው ኖሯል፣ በኮምፒውተር የሚሠራ።

ወጠርኩት። ምን ላድርግ? ግማሹን ወስጃለሁ፤
አራቱን ማዕዘን ጥርሴን ነክሼ አስሬ፣ ወርጃለሁ።

ቅዳሜ መጣች። ቅሏን አውርዳ አንጋጠጠች፤
«ይቺ የማን ልጅ ናት? እንዴት ታምራለች!» አለች።
ዝም አልኩ።
ቆይታ፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣
«እኔ ነኝ?»
ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በመዳፏ ዘጋች።
ከዚያ ወዲህ አፏን ሳትሸፍን ስቃ አታውቅም።

የእህቴ ልጅ ትብለጥ፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ፣
የወላጅ ቀን ሲደርስ፣ ለመነቻት አያቷን፦
«ሻሽ እሰሪ፣ አንገትሽ ድረስ።
ወይ እንደዚያኛዋ እማማ ሁኚልኝ»፤
ጣቷን ወደ ብረቱ ቀስራ።
እናቴ አልተቆጣችም። ሻሽ ፈለገች፣ ሳጥን ከፍታ።

አንድ ሌሊት ጥቁር ቀለም ይዤ ወጣሁ፣
ዘበኛው ሲያንኮራፋ።
አንገቷ ከቁመቴ ይበልጣል፤ ብሩሹን ነከርኩ፤
እጄ አየር ላይ ቀረ።
ስንት መስመር ነበር?
ከጉሮሮዋ ሥር ነው የሚጀምር ወይስ ከአገጯ?
መሐሉ መስቀል ነው? ወይስ የዓሣ አጥንት?
ሠላሳ አራት ዓመት!
ያን አንገት አቅፌ ያለቀስኩ፣ ያን አንገት ተደግፌ ያንቀላፋሁ፣
ቀለሙ ብሩሹ ላይ ደረቀ፤ አንድ መስመር አጣሁ።
ያጠፉት ልጆች እንኳ፣ ለማጥፋት ሲሉ
አንድ በአንድ አይተውታል።

ወረድኩ። ውትርንን ተሻግሬ ቤት ስደርስ መብራት የለም።
«እማ፣ አንገትሽን ልይ። ልቁጠረው።»
«ምን ያደርግልሃል? ያቺ ታምር የለ? ተዋት፣ ትሳቅ።»
መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። አልሄድኩም።
ዘግይታ ሻሹን ስትፈታ ሰማሁት፤ ድምፅ አለው ሻሽ፣
ጣቷ ቆዳዋ ላይ ሲሄድም ድምፅ አለው።
«አንድ» አለች።
«ሁለት።»
ሦስተኛው ላይ፣ እንቅልፍ ይሁን ሌላ፣ እንጃ፣
ዝም አለች።